እንግዳ በማራካሽ ከተማ

ልጆች ሆይ፤ አባቶቻችን «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው ያላየውን አገር ሄዶ ያየ እንደ ሆነ፤ ከተመለሰ በኋላ የሚናፍቀውና የሚያስበው ነገር ይበዛለታል፤ ዕውቀቱም ይሰፋል። አገር ማየት መጽሐፍ እንደ ማንበብ ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥ ሥዕሉን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። እንዲሁም የእንግድነትን ሥርዓት ያልተማረ ሰው ወደ ሩቅ አገር ቢሄድ፤ ግንቡንና ገበያውን አይቶ ይመለሳል እንጂ ሰዎቹን ሳያውቃቸው ይቀራል።

እኔ ይህን የተማርሁት በመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ ጥፋቴ ነው። እናንተ ግን ያለ ጥፋት እንድትማሩት፤ በማራካሽ ከተማ ያየሁትንና ያገኘኝን እነግራችኋለሁ። በዚህ ትምህርት የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ከተማይቱ

ማራካሽ በሰሜን አፍሪካ፤ በሞሮኮ መንግሥት ውስጥ ያለች ታላቅ ከተማ ናት። ሞሮኮ በአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ አገር ስትሆን፤ በሰሜን የሜዲትራንያን ባሕር፤ በምዕራብ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ያዋስኗታል። የአገሩ ሰዎች ዐረብኛና አማዚግኛ ይናገራሉ፤ ብዙዎችም ፈረንሳይኛ ያውቃሉ። ማራካሽን በ1070 ገደማ የቈረቈሯት ከሰሐራ በረሓ ተነሥተው የመጡ፤ አልሞራቪድ የተባሉ ነገሥታት ናቸው። ከተማይቱ ከጊዜ በኋላ እጅግ ስለ ገነነች፤ ሞሮኮ የሚለው የአገሩ ስም እንኳ ማራካሽ ከሚለው ስም የወጣ ነው።

ከተማይቱ በሰፊ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። በስተ ደቡብ የአትላስ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመው ይታያሉ። ከእነርሱም አንዱ ቱብቃል የሚባለው 4167 ሜትር ከፍታ ስላለው፤ በሰሜን አፍሪካ ካሉት ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። በብርድ ወራት የተራሮቹ ራስ በረዶ ለብሶ ነጭ ይሆናል፤ በሙቀት ወራት ግን ከተማው እንደ ምድጃ ይግላል። ዝናብ ጥቂት ስለ ሆነ፤ የጥንት ሰዎች ውሃ ለማግኘት ታላቅ ብልሃት አበጁ። ከተራራው በኩል በመሬት ውስጥ ያለውን ውሃ፤ ከመሬት በታች በቈፈሩት ረጅም ቦይ ወደ ከተማውና ወደ አትክልቱ አወረዱት። ይህ ቦይ ኬታራ ይባላል። ውሃው ከመሬት በታች ስለሚሄድ ፀሐይ አታደርቀውም። አሁን ብዙዎቹ ኬታራዎች ደርቀዋል። ቢሆንም፤ ልጆች ሆይ፤ አንድ ከተማ ስታዩ ከላይ የሚታየውን ብቻ አትዩ፤ ከሥር ማን ቈፍሮ ውሃ እንዳመጣላት ጠይቁ።

አሮጌው ከተማ ከቀይ አፈር ተወቅጦ በተሠራ ቅጥር ተከቧል። የቤቶቹም መልክ ቀይ ስለ ሆነ፤ ማራካሽ «ቀዪቱ ከተማ» ትባላለች። በ1985 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን አሮጌ ከተማ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል።

ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚያየው ኩቱብያ የሚባለውን የመስጊድ ግንብ ነው። ይህ ግንብ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን፤ ቁመቱ 77 ሜትር ያህል ነው። የስሙ ትርጓሜ ለእናንተ ለአንባቢዎች ደስ ያሰኛል። በጥንት ዘመን በመስጊዱ አጠገብ መጽሐፍ ሻጮች ይቀመጡ ስለ ነበር፤ «የመጽሐፍ ሻጮች መስጊድ» ተባለ። በዐረብኛ ኩቱብ ማለት መጻሕፍት ማለት ነው። በእኛም ግእዝ ከተበ ማለት ጻፈ፤ ክታብም ማለት ጽሑፍ ነውና፤ በሩቅ አገር የታወቀ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ደስ አለኝ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ወደ መስጊዱ እንዲገባ አልተፈቀደምና፤ እኔም በውጭ ቆሜ አየሁት። በዚህ ቅር መሰኘት አይገባም። እንግዳ ስለ ተከፈተለት ደጅ ያመሰግናል እንጂ የተዘጋውን አይደበድብም።

ስለ አደባባዩ

በአሮጌው ከተማ መካከል ጀማ ኤል ፍና የሚባል ሰፊ አደባባይ አለ። ጧት ብትሄዱ ጸጥ ያለ ነው፤ ብርቱካን ጨምቀው የሚሸጡ ሰዎች ፍሬውን በጋሪያቸው ላይ እየከመሩ ሲደረድሩ ታያላችሁ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ እባብ የሚያጫውቱ፣ ቅጠልና ሥር የሚሸጡ፣ በሴቶች እጅ ላይ ሂና የሚቀቡ ሰዎች ይመጣሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን አደባባዩ ሁለንተናው ይለወጣል። ምግብ ሻጮች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው እሳት ያነዳሉ፤ የጥብሱ ጢስ እንደ ደመና ይነሣል፤ የከበሮ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። ከሚጫወቱትም መካከል ግናዋ የተባሉት፤ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ካሉ አገሮች በባርነት ተወስደው የመጡ ሰዎች ልጆች ናቸው። እንደ ጸናጽል የሚንሿሿ ብረት በእጃቸው ይዘው የአባቶቻቸውን ዜማ ያዜማሉ። ባርነቱ አልፏል፤ ዜማው ግን ቀርቷል።

ሕዝቡ አንዱን ተጫዋች ወይም አንዱን ተረት ነጋሪ ክብ ሠርቶ ይከበዋል፤ ይህም ክብ ሐልቃ ይባላል። ተረት ነጋሪው መጽሐፍ አይዝም፤ ታሪኩ ሁሉ በልቡ ነው። ነገሩ ልብ ከሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ ያቆምና ገንዘብ ይጠይቃል፤ የሚሰማውም ሰው ቀሪውን ለመስማት ሲል ይሰጠዋል። እንዲህ ያሉት ተረት ነጋሪዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሱ ስለ ሄዱ፤ የባህል ወዳጆች አደባባዩና የሚነገርበት ታሪክ እንዳይጠፋ ደከሙ። ከእነርሱም አንዱ ሁዋን ጎይቲሶሎ የተባለው የስፔን ደራሲ ነው፤ በማራካሽ ለብዙ ዘመን ኖሮ በ2017 በዚያው ዐረፈ። በ2001 የተባበሩት መንግሥታት የባህል ድርጅት ይህ አደባባይ በቃል የሚነገር የዓለም ቅርስ መሆኑን አስታወቀ። እንግዲህ ቅርስ ማለት ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ በሰው አፍ ያለ ቃልም ቅርስ ነው።

እኔ ከዚህ አደባባይ በደረስሁበት ቀን አንድ ውሃ ሻጭ አየሁ። ቀይ ልብስ ለብሷል፤ ዘርፍ ያለው ሰፊ ባርኔጣ ደፍቷል፤ የናስ ጽዋዎች በደረቱ ላይ ተንጠልጥለው ያበራሉ፤ በጎኑም ውሃ የተሞላ የፍየል ቆዳ አቁማዳ ይዟል። በቀድሞ ዘመን እንዲህ ያሉ ሰዎች ለተጠማ ሁሉ ውሃ እየቀዱ በመሸጥ ይኖሩ ነበር። አሁን ግን ውሃ በቧንቧ በየቤቱ ስለ ገባ፤ የሚበዙት ኑሯቸው ፎቶግራፍ ከሚያነሣቸው እንግዳ በሚያገኙት ገንዘብ ነው። እኔ ይህን ሳልጠይቅ በጎን ሆኜ ፎቶግራፉን አነሣሁ። ሰውዬውም አየኝና ወደ እኔ መጥቶ እጁን ዘረጋ። እኔ ግን «ውሃህን አልጠጣሁም፤ ስለ ምን እከፍልሃለሁ?» ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼው ሄድሁ። በልቤም ራሴን እንደ ብልህ ቈጠርሁ።

ጥቂት እንደ ሄድሁ አንድ ጎልማሳ በሰንሰለት የታሰረች፤ ጭራ የሌላት ጦጣ ይዞ መጣ፤ ሳልጠይቀውም በትከሻዬ ላይ አስቀመጣት። ደንግጬ ቆሜ ሳለሁ ጓደኛው ፎቶግራፍ አነሣኝ፤ ወዲያውም 200 ድርሃም እንድከፍል ጠየቁኝ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ 100 ድርሃም ሰጥቼ አመለጥሁ። እነዚህ ጦጣዎች በሪፍና በአትላስ ተራሮች ጫካ የሚኖሩ ናቸው። ግልገሎቻቸው እየተያዙ ስለሚሸጡና ጫካቸውም ስለሚመነጠር ቍጥራቸው እጅግ አንሷል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው፤ ሌላ ግልገል ከእናቱ እንዲነጠቅ ይረዳል።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ ጠቈረ። «ይህ የአታላዮች ከተማ ነው» አልሁ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፤ የሚያናግረኝን ሰው ሁሉ እጠረጥር ጀመር።

ስለ ገበያው

በማግሥቱ ከአደባባዩ በስተ ሰሜን ወዳለው ገበያ ገባሁ። እያንዳንዱ ሥራ የየራሱ ተራ አለው። በብረት ሠሪ ተራ መዶሻ ይጮኻል። በቀለም ነካሪ ተራ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ የተነከረ የሱፍ ክር ከራስ በላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። በጫማ ሰፊ ተራ ተረከዝ የሌለው የቆዳ ጫማ ከመሬት እስከ ጣራ ተደርድሯል። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ሳለ፤ አህያም፣ ጋሪም፣ ሞተር ብስክሌትም ያልፍበታል። ነጂው «ባላክ! ባላክ!» እያለ ይጮኻል፤ «ተጠንቀቅ!» ማለቱ ነው።

በአንድ ሱቅ ደጅ አንዲት የአገሩ ሴት ምንጣፍ ስትገዛ ቆሜ አየሁ። ሻጩ ብዙ ጠራ፤ እርስዋ ጥቂት ሰጠች፤ እርሱ ራሱን ይዞ ሳቀ፤ እርስዋም ሳቀች። ስለ ልጆቻቸው ጤና ተጠያየቁ፤ ከዚያም ወደ ዋጋው ተመለሱ። በመጨረሻ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተለያዩ። ክርክራቸው ጠብ አልነበረም፤ የመተዋወቂያ መንገድ ነበር። እኔ ግን በተቀየመ ልብ ስለ ሄድሁ፤ የጠየቅሁትን ዋጋ ሁሉ እንደ ስድብ ቈጥሬ ከአንዱም ጋር ሳልስማማ አለፍሁ።

በዚያ ቀን የፈለግሁት ቤን ዩሱፍ የሚባለውን የጥንት ትምህርት ቤት ለማየት ነበር። አሁን የቆመው ሕንጻ በ1564 እና በ1565 የተሠራ ነው። ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች የሚያድሩባቸው ከ130 የሚበልጡ ትንንሽ ክፍሎች አሉት። እስከ 1960 ድረስ ተማሪዎች ኖረውበታል፤ አሁን እንግዳ ሁሉ ገብቶ የሚያየው ቤት ሆኗል። መምህር ነኝና ይህን ሳላይ ልመለስ አልወደድሁም። ነገር ግን በእጅ ስልኬ ያለው ካርታ በእነዚያ ጠባብ ቅያሶች መካከል ተሳሳተብኝ፤ ወዴት እንደምሄድም ጠፋኝ።

አስቀድሞ ወደ ማራካሽ ሄዶ የነበረ አንድ ወዳጄ፤ «ተጠንቀቅ፤ አንዳንድ ወጣቶች ‹በዚህ አትሂድ፤ መንገዱ ተዘግቷል› ብለው እንግዳውን ወደ ሌላ ሱቅ ይወስዱታል፤ ኋላም ገንዘብ ይጠይቁታል» ብሎ ነግሮኝ ነበር። ይህንም ቃል በልቤ አኑሬው ነበር።

ስለ ሽማግሌው

ወደ አንድ ቅያስ ልገባ ስል፤ በማዕዘኑ ላይ ባለች ትንሽ ሱቅ ተቀምጠው መጽሐፍ የሚደጕሱ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። በፈረንሳይኛም «ልጄ፤ በዚህ አትሂድ፤ መንገዱ ተዘግቷል» አሉኝ።

እኔም በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት ፈረንሳይኛ መለስሁላቸው። በዚያ ቋንቋም እንደ አማርኛችን «አንተ» እና «እርስዎ» አለ። ነገር ግን የራሳቸውን ሽበት እያየሁ፤ በቍጣ «አንተ ሰው፤ ይህን ተንኰል አውቀዋለሁ! ሌላ ሞኝ ፈልግ!» አልኋቸው። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ እጃቸውን አንሥተው አንድ ነገር ሊናገሩ ጀመሩ። እኔ ግን ሳልሰማቸው ገባሁ።

ቅያሱ ወደ ግራ ታጠፈ፤ እየጠበበም ሄደ። በመንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሮ አገኘሁ። ይህም የተንኰሉ ክፍል መስሎኝ፤ ገመዱን ከፍ አድርጌ በሥሩ አለፍሁ። ጥቂት እንደ ተራመድሁ ቀና ብዬ አየሁ። በቀኜ ያለው ረጅም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ወደ መንገዱ ዘንብሏል፤ እንዳይወድቅም በወፍራም እንጨቶች ከፊቱ ካለው ግድግዳ ጋር ተደግፏል። ከስንጥቁ አፈር እየተፈረፈረ በትከሻዬ ላይ ወረደ። አንዲት ሴት ከሩቅ ሰገነት ላይ ሆና እጅዋን እያወዛወዘች ጮኸች። ቋንቋዋን ባላውቅም ነገሩን አወቅሁ። ጕልበቴ ራደ፤ ትንፋሼን ይዤ፤ እንጨቱን እንዳልነካ እየተጠነቀቅሁ፤ በመጣሁበት ተመለስሁ። መንገዱ በእውነት ተዘግቶ ነበር።

ሽማግሌው ሥራቸውን ትተው በማዕዘኑ ቆመው አገኘኋቸው። እኔን ሲያዩ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። እኔም ዐይኔን ወደ መሬት ጥዬ፤ «አባቴ፤ ይቅር ይበሉኝ፤ ስለ ነፍሴ የነገሩኝን ስለ ገንዘቤ መሰለኝ» አልኋቸው።

እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ በትንሽ በርጩማ አስቀመጡኝ። ሻይ፣ ናናና ብዙ ስኳር በማንቆርቆሪያ አፍልተው፤ ከፍ አድርገው እያንቆረቆሩ በብርጭቆ ቀዱልኝ። በእጃቸው የነበረው መጽሐፍ በቀይ የፍየል ቆዳ ይደጐስ ነበር። ቆዳው የሚለፋው ባብ ደባግ በሚባለው የከተማው በር አጠገብ መሆኑን ነገሩኝ። በዚያም ባለ እጆቹ ጠጕሩን በኖራ ያስለቅቃሉ፤ ቆዳውን በርግብ ኩስ ያለሰልሳሉ፤ ኋላም በቀለም ይነክሩታል። ሽታው ስለሚከብድ፤ ለሚጐበኝ እንግዳ በአፍንጫው የሚይዘው የናና ቅጠል ይሰጡታል። ይህ ቆዳ ከጥንት ጀምሮ እጅግ የታወቀ ስለ ሆነ፤ ፈረንሳዮች ጥሩ የፍየል ቆዳን በዚህች አገር ስም «ማሮኬን» ይሉታል። እኔ በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ደጓሽ ሲሠራ እያየሁ ያደግሁ ነኝና፤ የሰደብሁት ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ መሆኑን ሳይ ኀፍረቴ እጥፍ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ስለ ግድግዳው ጠየቅኋቸው። በሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 ሌሊት በአትላስ ተራሮች ብርቱ የምድር መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ኃይሉም 6.8 ተብሎ ተለካ። ወደ 3000 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ የሚበዙትም በተራራው መንደሮች የሚኖሩ ነበሩ። በማራካሽም አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ የቅጥሩም አንዳንድ ክፍል ተሰነጠቀ፤ በአደባባዩ አጠገብ ያለችው የትንሽ መስጊድ ግንብ ወደቀች። ኩቱብያ ግን ተንቀጥቅጦ ቆመ። ሽማግሌውም፤ «በዚያች ሌሊት ሁላችን በሜዳ አደርን። ያ ግድግዳ ከዚያ ወዲህ እንደ ታመመ ሰው ተደግፎ ይኖራል። ገመዱን አልፎ የሚሄድ እንዳይኖር፤ በዚህ የተቀመጥሁ እኔ እነግራለሁ። የአገሩ ሰው ይሰማኛል፤ እንግዳው ግን አይሰማኝም» አሉኝ።

እኔም የጦጣይቱንና የ100 ድርሃሙን ነገር ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፤ ያ ያታለለህ ሰው ያንተን ገንዘብ ብቻ አልወሰደም፤ የእኔንም ቃል ወስዶብኛል። እርሱና መሰሎቹ ‹መንገዱ ተዘግቷል› ብለው ስለ ዋሹ፤ መንገዱ በእውነት ሲዘጋ የሚያምነኝ አጣሁ። ውሸታም የሚሰርቀው ከእንግዳው ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤቱም ነው።»

ስነሣ ገንዘብ አውጥቼ በፊታቸው አኖርሁ። እርሳቸው ግን መልሰው በእጄ አስያዙኝና፤ «ዕዳ ካለብህ ላበደረህ ክፈል፤ እኔ ያበደርሁህ የለም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ያ ውሃ ሻጭ ትዝ አለኝ። ጦጣ አስያዡ ሳልፈቅድለት ገንዘቤን ወሰደ ብዬ ከተማውን ሁሉ ረግሜ ነበር። እኔስ ሰውዬው ሳይፈቅድልኝ መልኩን ወስጄ ጀርባዬን ሰጥቼው አልሄድሁምን?

ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ጠርተው እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ አደረሰኝ። ልጁም እንደ አያቱ ገንዘብ አልቀበልም አለ። የተማሪዎቹን ክፍሎች አየሁ፤ አንዳንዶቹ አንድ ምንጣፍና አንድ የመጽሐፍ ሣጥን ብቻ የሚችሉ ናቸው። የቆሎ ተማሪዎቻችን ጎጆ ትዝ አለችኝ። ዕውቀት የሚፈልግ ሰው በየትም አገር ቢሆን ሰፊ ቤት አይጠይቅም።

በመሸም ጊዜ ወደ አደባባዩ ተመለስሁ፤ ውሃ ሻጩንም ፈልጌ አገኘሁት። የሚገባውን ሰጥቼ ይቅርታ ለመንሁት። እርሱም ሣቀ፤ በናሱ ጽዋ ውሃ ቀድቶ አቀበለኝ። ስሙን ጠየቅሁት፤ ስሜን ነገርሁት። ከዚያም በፈቃዱ ሁለተኛ ፎቶግራፍ አነሣሁት። ሁለቱም ፎቶግራፎች ዛሬ በቤቴ አሉ። በመጀመሪያው ጎኑና ባርኔጣው ይታያል፤ በሁለተኛው ግን ፊቱ ይታያል።

ከዚህ የምንማረው

ልጆች ሆይ፤ ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ ንቀት ሌላ ነው። ጥንቃቄ ዋጋን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ገንዘቡን በደኅና ቦታ ይይዛል፤ የማይወደውን ነገር በትሕትና «አይሆንም» ይላል። ንቀት ግን አንዱ በበደለው ሌላውን ይከሳል፤ በመጨረሻም ጕዳቱ በራሱ ላይ ይመለሳል። እኔን ከዚያ ግድግዳ ሥር ያስገባኝ ጥንቃቄ አይደለም፤ ንቀት ነው። ስለዚህ ወደ ሰው አገር ስትሄዱ እነዚህን ነገሮች ያዙ።

1. ከአገሩ ቋንቋ ሰላምታንና ምስጋናን አስቀድማችሁ ተማሩ።
2. የሰውን መልክ በፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ።
3. ለመግዛት የማትፈልጉትን ዕቃ ዋጋ አትከራከሩ፤ ስትከራከሩም እንደ ወዳጅ ተከራከሩ።
4. እንስሳን በማሠቃየት የሚገኘውን ጨዋታ በገንዘባችሁ አትርዱ።
5. ሽማግሌ ሲናገራችሁ እስኪጨርስ ስሙ፤ ከሰማችሁ በኋላ መርምሩ።

ደግሞም ይህን አስቡ። ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ሐረርም ከሩቅ አገር ብዙ እንግዶች ይመጣሉ። ለእነርሱ አገሩ እናንተ ናችሁ። ከእናንተ አንዱ እንግዳውን ቢዋሽ፤ ያ እንግዳ ከዚያ በኋላ እውነት የሚናገረውን ልጅ አያምንም። አንዱ ልጅ ያተረፈው ጥቂት ገንዘብ ለጓደኞቹ ሁሉ ኪሳራ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ልጅ እውነተኛ መንገድ ቢያሳይ፤ የአገሩን ሁሉ ስም ያስከብራል። በማራካሽ ያለው ሽማግሌ ዛሬም መጽሐፍ እየደጐሰ «መንገዱ ተዘግቷል» ይል ይሆናል። የሚሰማው እንግዳ ያግኝ።

ጥያቄ

1. ኬታራ የሚባለው ምንድር ነው? ስለ ምን ከመሬት በታች ተቈፈረ?
2. ኩቱብያ የሚለው ስም ከምን መጣ?
3. ጸሐፊው በአደባባዩ ያጠፋው ጥፋት ምንድር ነው?
4. ሽማግሌው «የእኔንም ቃል ወስዶብኛል» ያሉት ስለ ምንድር ነው?
5. እንግዳ ወደ ከተማችሁ መጥቶ መንገድ ቢጠይቃችሁ እንዴት ትመልሱለታላችሁ?